የመካከለኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ቃላትን በፍቺና በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ማጥናት፦ ከድሬዳዋ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከሥራ ወጥተው የሚመጡ የትራንዚት ሠራተኞች አሉ፤ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች አሉ፤ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁና ዩኒቨርሲቲ ገብተው ንባቡ የከበዳቸው ወጣቶችም አሉ። ሰዋስው እምብዛም አያስጨንቃቸውም፤ የሚያስጨንቃቸው ቃል ነው። «ሸመደድኩ፣ ግን አልያዝኩም» የሚለው ሮሮ ከሁሉም አፍ ይወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በግዕዝ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ እናንተ ደብተራችሁ ላይ ግን በራሳቸው ፊደል ጻፏቸው። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ አስረዳለሁ።

መካከለኛ ደረጃ ላይ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ተማሪዎችን በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ ሁለቱ የጀማሪ፣ ሁለቱ የመካከለኛ፣ ሁለቱ የከፍተኛ ናቸው። መካከለኛዎቹ «ቢ 1» እና «ቢ 2» ይባላሉ። ቢ 1 ላይ ያለ ሰው ስለ ሥራው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጉዞው ይግባባል፤ ቢ 2 የደረሰ ደግሞ ክርክር መከተልና አቋሙን በምክንያት ማስረዳት ይችላል።

እኔ ይበልጥ የማምነው ምልክት ግን ሌላ ነው። የምትሰሙት አብዛኛው ይገባችኋል፤ ስትናገሩ ግን የምታዞሩት እነዚያኑ ጥቂት ቃላት ነው። ደስ የሚል ነገር ሁሉ «ጉድ»፣ የሚያስከፋው ሁሉ «ባድ»፣ ማግኘትም መግዛትም መድረስም «ጌት»፣ ጠበቅ ማድረግ ሲያምራችሁ ከፊቱ «ቬሪ»። በሚገባችሁና በምትጠቀሙበት መካከል ያለው ርቀት ከሰፋ መካከለኛ ደረጃ ላይ ናችሁ። ይህ ገጽ የተጻፈው ለእናንተ ነው።

ለእያንዳንዱ ቃል የአማርኛ አቻውን ይዤ ብሸመድድ ምን ይጎድለኛል?

ለጀማሪ ብዙ አይጎድለውም። «ቴብል» ጠረጴዛ ነው፤ «ካሜል» ግመል ነው፤ ነገሩ አለቀ። በመካከለኛ ደረጃ የሚመጡት ቃላት ግን በእጅ የሚዳሰሱ ዕቃዎች አይደሉም፤ ስሜት፣ ሁኔታ፣ የሰው ከሰው ግንኙነት ናቸው። እነዚህን ደግሞ ሁለት ቋንቋዎች በአንድ መስመር ላይ አይቆርጧቸውም።

«አስታወሰ»ን እንውሰድ። «ስሙን አስታወስኩት» ስንል ከራሳችን ልብ ነው ያወጣነው። «እባክህ ነገ አስታውሰኝ» ስንል ደግሞ ሌላ ሰው እንዲነግረን መጠየቃችን ነው። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ግስ ይበቃዋል፤ እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ሪመምበር»፣ ለሁለተኛው «ሪማይንድ» ይላል። ደብተሩ ላይ ለሁለቱም «ማስታወስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ አለቃውን «ፕሊዝ ሪመምበር ሚ ቱሞሮው» ቢለው፣ ሰሚው ነገ እንዳይረሳው የሚማጸነው ይመስለዋል።

«ሠራ» ከዚህ ይብሳል። የቤት ሥራ ሠራ፣ ስህተት ሠራ፣ ወጥ ሠራ፣ ግንብ ሠራ፣ ባንክ ውስጥ ሠራ እንላለን። እንግሊዝኛው በየተራ «ዱ»፣ «ሜክ»፣ «ኩክ»፣ «ቢልድ» እና «ወርክ» ይላል። «አይ ዲድ ኤ ሚስቴክ» የሚለው ስህተት ከተማሪዎቼ አፍ የማይጠፋው ለዚህ ነው፤ አማርኛው ውስጥ ስህተትም የቤት ሥራም ይሠራል።

አንዳንዴ ደግሞ አማርኛው ነው ጠንቃቃው። ብር እንበደራለን፤ መጽሐፍ እንዋሳለን። የተበደርነውን ብር በሌላ ብር እንመልሳለን፤ የተዋስነውን መጽሐፍ ግን ያንኑ ራሱን። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አይጠይቅም፤ ሁለቱም «ቦሮው» ነው።

ከሁሉ የሚያደናቅፈው ግን አቅጣጫው የሚገለበጠው ነው። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ ያዡ ጉንፋኑ ነው። በኦሮምኛም በሶማሊኛም እንዲሁ በሽታው ነው ሰውን የሚይዘው። በእንግሊዝኛ ግን ያዡ ሰውየው ነው፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። እኛ «አውቶቡሱ አመለጠኝ» እንላለን፤ እነሱ «አይ ሚስድ ዘ ባስ»። እኛ «እናቴ ናፈቀችኝ» እንላለን፤ እነሱ «አይ ሚስ ማይ መዘር»። አስተውሉ፣ ማምለጥና መናፈቅ በእኛ ዘንድ ዝምድና የላቸውም፤ እዚያ ግን በአንድ ግስ ይነገራሉ፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ የተቸገረው ሰው ነው። «ሚስ፦ ማምለጥ፣ መናፈቅ» ብሎ የጻፈ ደብተር ይህንን አይነግራችሁም። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ይነግራችኋል።

ስለዚህ አማርኛውን ጣሉት አልልም። የመጨረሻው መስመር ላይ ይቀመጥ። አስቀድማችሁ ፍቺውን በእንግሊዝኛ አንብቡ፤ ምሳሌዎቹን ተመልከቱ፤ ከዚያ «ይህን እኛ እንዴት እንለዋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ቅደም ተከተል የሚመጣው አማርኛ ብዙ ጊዜ መዝገበ ቃላቱ ከሚሰጣችሁ ይሻላል።

እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ፍቺው ራሱ አይገባኝም። ምን ላድርግ?

ምናልባት የያዛችሁት ለእንግሊዞች የተጻፈውን ነው። ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ሌላ ዘር ነው። አልበርት ሆርንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ጃፓን ታተመ፤ በ1948 ኦክስፎርድ አሳተመው፤ ዛሬ የኦክስፎርድ የከፍተኛ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት የምንለው የእሱ ልጅ ነው። ለውጭ ተማሪ አስቦ ስለተነሳ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚገባ፣ ከኋላው ምን እንደሚከተለው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሎንግማን ደግሞ ፍቺዎቹን ሁሉ ወደ 2,000 በሚጠጉ የታወቁ ቃላት ብቻ ለመጻፍ ራሱን ገደበ፤ እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን የትኛውንም ፍቺ ያነብባል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኮሊንስ ኮቢልድ ሌላ መንገድ ሄደ፤ ፍቺውን ራሱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። «አንድን ነገር ለማድረግ ስታቅማሙ…» ብሎ እንደሚጀምር መምህር ማለት ነው። ከሰዋስው ምልክቶች ጋር መታገል ለሚሰለቸው ተማሪ እኔ የማስጀምረው በዚህኛው ነው።

መጽሐፉ እጃችሁ ባይገባ የኦክስፎርድ፣ የሎንግማን፣ የኮሊንስና የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። የካምብሪጁ ከብዙ ፍቺዎች አጠገብ ቢ 1 ወይም ቢ 2 ብሎ ደረጃውን ይጽፋል፤ አንድ ቃል አሁን ይገባኛል ወይስ ልተወው ብሎ ለመወሰን ይረዳል።

ፍቺ ስታነቡ ደግሞ አትቸኩሉ። አንድ ቃል አምስት ፍቺ ካለው አምስቱን አትያዙ። ቃሉን ያገኛችሁበትን ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ የሚገጥመውን አንዱን ፈልጉ፤ ሌሎቹ በራሳቸው ቀን ይመጣሉ።

አንድ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲጠና ሊያሳዩን ይችላሉ?

«ሪላክታንት» የሚለውን እንያዝ፤ በንባብ ፈተና የሚያጋጥም ቃል ነው።

ፍቺው በቀላል አነጋገር «ማድረግ ስለማትፈልጉ ወዲያው እሺ አለማለት» ነው። ሁለት እግር እንዳለው ተመልከቱ፤ አንደኛው አለመፈለግ፣ ሁለተኛው መዘግየት። ተማሪዎቼ መጀመሪያ «ፈቃደኛ ያልሆነ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ሁለተኛውን እግር ቆረጠው። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው አላደርግም ብሎ ሊቀር ይችላል፤ «ሪላክታንት» የሆነ ሰው ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ያደርገዋል፤ ደስ ሳይለው። «አመነታ» ያሉም ነበሩ። ቀረብ ብሏል፤ ነገር ግን ሰው የሚያመነታው ስላላወቀም ነው፤ እርግጠኛ ስላልሆነም ነው፤ ለዚያ እንግሊዝኛው «ሄዚታንት» የሚል ሌላ ቃል አለው። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ «አቅማማ» አለች። ልክ ነው። እያቅማማ ሄደ፤ እያቅማማ ከፈለ። አለመፈለጉም መዘግየቱም አለበት።

አሁን ምሳሌዎቹን እንይ። መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ካሉት ዓረፍተ ነገሮች ሦስት አራቱን ደርድራችሁ ከቃሉ በኋላ የሚመጣውን ብቻ አስምሩበት። ደጋግሞ «ቱ» እና ግስ ታገኛላችሁ፦ «ሪላክታንት ቱ ቶክ»፣ «ሪላክታንት ቱ ሊቭ»። ከፊቱ ደግሞ «ዋዝ»፣ «ሲምድ»፣ «ፌልት» ይቆማሉ። እንግዲህ የያዛችሁት አንድ ቃል አይደለም፤ «ዋዝ ሪላክታንት ቱ» የሚል ሙሉ ቁራጭ ነው። ደብተሩ ላይም እንዲሁ ይጻፍ።

ቀጥሎ የራሳችሁ ዓረፍተ ነገር። እዚህ ላይ ብዙዎች «ሂ ዋዝ ሪላክታንት» ብለው ያቆማሉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ባዶ ነው፤ በ«ሪላክታንት» ቦታ «ታየርድ» ወይም «ሃፒ» ብትተኩበት ያው ይሄዳል። ጥሩ ምሳሌ ማለት ቃሉን ብትሸፍኑት እንኳ ምን እንደነበረ የሚያስገምት ነው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ልጅ የጻፈው ይኸውላችሁ፦ «ዘ ስካይ ዋዝ ብላክ ኦቨር ዘ ሂልስ፣ ሶ ዘ ድራይቨር ዋዝ ሪላክታንት ቱ ክሮስ ዘ ደቻቱ»። በተራሮቹ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ስለዚህ ሾፌሩ የደቻቱን ወንዝ ለመሻገር አቅማማ። ድሬዳዋ ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻም። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ያ ደረቅ አሸዋ በአንዴ ጎርፍ ይሆናል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የነጠቀብን እሱ ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ይህን ቃል ይረሳል ብዬ አላስብም፤ ቃሉ ከፍርሃታችን ጋር ተያይዟልና።

በመጨረሻ ቤተሰቡን ጨምሩ፦ «ሪላክታንስ» ማቅማማት፣ «ሪላክታንትሊ» እያቅማሙ። በተቃራኒው «ዊሊንግ» እና «ኢገር» አሉ። እነዚህን ለየብቻ አትሸምድዱ፤ ከቃሉ ጎን ይጻፉ፤ በንባብ ሲመጡ ታውቋቸዋላችሁ።

የራሴን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከአማርኛ ዓረፍተ ነገር አትነሱ። «ሱቅ ለመከራየት አቅሜ አይፈቅድልኝም» ብላችሁ ከተነሳችሁ ወደ «ማይ አቢሊቲ ዳዝ ኖት አላው ሚ» ትደርሳላችሁ፤ ሰዋስው የማይነቅፈው፣ ግን ማንም የማይለው ዓረፍተ ነገር ነው። ከመዝገበ ቃላቱ ምሳሌ ተነሱ። «ዊ ካንት አፎርድ ቱ ባይ ኤ ካር» የሚል ካገኛችሁ አጥንቱን ሳትነኩ ሥጋውን ቀይሩ፦ «ማይ ሲስተር ካንት አፎርድ ቱ ሬንት ኤ ሾፕ ኢን ከዚራ»። ባለቤቱ ተቀየረ፣ ግሱ ተቀየረ፣ ቦታው የእኛው ሰፈር ከዚራ ሆነ፤ «ካንት አፎርድ ቱ» ግን አልተነካም። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ይህ በቂ ነው።

በተለይ የምትጠነቀቁት በትንንሾቹ ቃላት ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» ብለን እንጽፋለን፤ «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ሜሪድ ቱ» ነው። ፍቺ እንዲህ ያለውን አይነግራችሁም፤ ምሳሌው ነው የሚነግራችሁ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ያላቸው ተማሪዎች «ዓረፍተ ነገር ሥራልኝ» ይሉታል። ይሠራላቸዋል፤ ቃሉ ግን የእሱ ሆኖ ይቀራል። እናንተ ጻፉና «ስህተቱን አሳየኝ፣ ምክንያቱንም ንገረኝ» በሉት። ከዚያም መልሱን ከመዝገበ ቃላቱ ምሳሌ ጋር አስተያዩ።

በቀን ስንት ቃል ልያዝ?

አምስት። ከላይ እንዳየነው ከተጠና አምስት ቃል ቀላል ሥራ አይደለም። «ሃምሳ ሸመደድኩ» ለሚለኝ ሰው በሳምንቱ ስንቱ ቀረ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው አዲስ የተሸመደደ ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ስለዚህ ክለሳው መጀመሪያ ላይ ቀረብ ቀረብ ይበል፣ በኋላ ይራራቅ፦ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። ሰዓቱን በተመለከተ የቀትሩ ሙቀት ላይ ደብተር አትክፈቱ፤ ማለዳ ነፋሻ ሳለ አዲሱን ያዙ፣ ማታ ከልሱ።

የትኞቹን ቃላት ላስቀድም?

እንደ ጉዳያችሁ ይለያያል። መሠረቱ ያው ነው፤ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ወደ 2,000 የሚጠጉ ቃላት አብዛኛውን የዕለት ተዕለት ጽሑፍ ይሸፍናሉ። መካከለኛ ደረጃ ላይ ነኝ የሚል ሰው በእነዚህ ውስጥ የማያውቀው ካለ መጀመሪያ ቀዳዳውን ይድፈን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ለፈተና የሚዘጋጅና ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አቭሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችውን የትምህርት ቃላት ዝርዝር ይያዝ። 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው፤ በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ ጽሑፍ ውስጥ ከአሥር ቃል አንዱ ያህል ከእነዚህ ይወጣል። «ኢንዲኬት»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ኮንሲስት»፣ «ሪኳየር» የመሳሰሉት ናቸው። ባዮሎጂም ተማሩ ታሪክ እነዚህን አታመልጧቸውም፤ ጥያቄው ራሱ የሚጻፈው በእነሱ ነው። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ተማሪ ማየት ያሳዝነኛል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር ይህ የቋንቋ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ለሥራ የሚማር ሰው ግን ከገዛ ጠረጴዛው ይጀምር። የጅቡቲ መስመር ላይ የሚሠሩ ተማሪዎቼ «ዲሌይ»፣ «ዳሜጅ»፣ «ሪሊዝ»፣ «ኮንሳይንመንት» የሚሉ ቃላት በየቀኑ በሚደርሳቸው ኢሜይል ውስጥ አሉ። ያን ኢሜይል ይዘው ይምጡ፤ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩ ተጽፎ ተቀምጧል።

አማርኛ ውስጥ ገብተው የማውቃቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አይረዱኝም?

ይረዳሉ፤ ድምፃቸው ጆሯችሁ ውስጥ አለ። ትርጉማቸው ግን እዚህ ሲኖር ተለውጧል። ባጃጁን ለብቻችን ስንይዝ «ኮንትራት ነው» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ኮንትራክት» ግን የተፈረመ ውል ነው፤ የውጭ አገር ሾፌርን «አይ ዋንት ኮንትራክት» ብትሉት የሥራ ውል የጠየቃችሁት ይመስለዋል። «ሰርቪስ» ለእኛ ሠራተኛ የሚያመላልስ መኪና ነው፤ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ክፍልም «ሰርቪስ» ናት፤ በእንግሊዝኛ ግን አገልግሎት በሙሉ ነው። አልጋ የሌለውን ምግብ ቤትም «ሆቴል» እንላለን። ስለዚህ የምታውቁትን ቃል ቢሆንም መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ ያልጠበቃችሁት ፍቺ አንደኛ ተራ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

አጠራሩን በግዕዝ ፊደል ብጽፈው ችግር አለው?

ለማስታወሻ ያህል አንድ ጊዜ ብትጽፉት አይጎዳም። ልማድ ከሆነ ይጎዳል። የእኛ ፊደል «ቲ» እና «ኤች» ሲገጣጠሙ የሚሰጡትን ድምፅ አይይዝም፤ በግና መርከብ የሚባሉበትን የረዘመና ያጠረ «ኢ» አይለይም፤ ከሁሉ በላይ ድምፁ የትኛው ላይ እንደሚጠነክር አያሳይም። «ሪኮርድ» መጀመሪያው ላይ ከጠነከረ ስም ነው፣ መጨረሻው ላይ ከጠነከረ ግስ ነው። በመዝገበ ቃላቱ ላይ ከጠንካራው ክፍል በፊት ትንሽ ጭረት አለች፤ እሷን ፈልጉ። በስልክ ከሆነ የድምፅ ምልክቱን ተጭናችሁ ስሙና ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ተከትላችሁ በሉ፤ ቃሉን ብቻውን አይደለም።

ቤት የምንናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ሶማሊኛም እሰማለሁ። በየትኛው ልፍታው?

ቀድሞ በመጣላችሁ። ቃሉን እንዳያችሁ ልባችሁ በኦሮምኛ ከመለሰ በኦሮምኛ ጻፉት፤ አስቸግራችሁ ወደ አማርኛ አትመልሱት። እኔ የማስተምረው በአማርኛ ስለሆነ ነው ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደሉት።

ይህን ጥያቄ የምትጠይቁ ሰዎች ያላችሁን አቅም ብታውቁት እወድ ነበር። መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ከሶማሊዋ ወተት ሻጭ ጋር በሶማሊኛ ተከራክሮ፣ ጓደኛውን በኦሮምኛ ጠርቶ፣ ቤቱ ገብቶ በአማርኛ ያወራል። እነዚህን ቋንቋዎች በቃል ዝርዝር ያጠና የለም። «ዋጋው ስንት ነው»፣ «ቀንስልኝ»፣ «ነገ እመጣለሁ» የሚሉ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ከነቦታቸው ሰምቶ ነው የያዛቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ደርሶ ከተማችን ከተቆረቆረች ወዲህ የባቡሩ ሠራተኞች ፈረንሳይኛን የለመዱት እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው በእጅ፣ ትእዛዙ በጆሮ። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ይህን ሁሉ ትተን ሁለት ረድፍ ያለው ወረቀት እንይዛለን፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። ለምን? የገዛ ጆሯችሁ የሚያውቀውን መንገድ ወደ ደብተር ማምጣት ነው የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ሥራው።

በመተግበሪያ ይሻላል በወረቀት?

ልዩነቱ ትንሽ ነው። «አንኪ» የሚባለው መተግበሪያ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ የክለሳውን ቀን ራሱ ያሰላላችኋል። ሌሎች ያዘጋጁትን ካርድ ግን አታውርዱ፤ የራሳችሁን ሥሩ። ወረቀት ለሚወድ ካርቶን ቆርጦ በፊቱ ዓረፍተ ነገሩን ቃሉን አጉድሎ መጻፍ፣ በጀርባው ቃሉንና ፍቺውን ማስፈር ነው። ፊት ለፊት ብቸኛ ቃል አይጻፍ።

ፊልም በማየት ቃል ይያዛል?

የምታውቁት ቃል ይጠነክራል። አዲስ ቃል ግን ቆም ብሎ ካልጻፉት ያልፋል።

ቃሉን በእርግጥ መያዜን በምን ላረጋግጥ?

ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ሳትገልጡ ሦስት ነገር ሞክሩ። መጀመሪያ ቃሉን ለማያውቅ ጓደኛችሁ በእንግሊዝኛ አስረዱት፤ ቃሉን ራሱን ሳትጠሩ። እሱ ካወቀው ፍቺው ገብቷችኋል። ቀጥሎ ከሳምንት በፊት ያልጻፋችሁትን አዲስ ዓረፍተ ነገር በቃል ተናገሩ፤ ትናንት ቤት ውስጥ ወይም ሥራ ቦታ የሆነ እውነተኛ ነገር ይሁን። ሦስተኛው ትንሽ ይከብዳል፦ ቃሉ የማይሆንበትን ቦታ ተናገሩ። «ሪላክታንት»ን መንገዱ ስለጠፋው ሰው ለምን አንልም? ይህን መመለስ የቻለ ተማሪ ቃሉን ከነወሰኑ ይዞታል።

ከሦስቱ አንዱ ካቃታችሁ ካርዱን ወደ መጀመሪያው ቀን መልሱት፤ ዓረፍተ ነገሩንም ቀይሩት። የማይያዝ ቃል ብዙ ጊዜ ምሳሌው የደከመ ነው። የሚያጠና ጓደኛ ከሌላችሁ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ማታ ማታ ደብተር ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አታጡም፤ አጠገባቸው ተቀመጡና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እናንተ በሉ።